ለግሸን የተገዛ ጫማ

ዛሬ ጫማ የሚሸጥ ሰው እግር አይነካም። ባለፈው ሰሞን ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገባሁና ለመሄጃ የሚመች ነገር እንዲያሳየኝ ሻጩን ጠየቅኩት። "ቁጥርሽ ስንት ነው?" አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። ነገርኩት። ካርቶኑን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገልኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ኧረ ተው! ዕድሜዬን ሙሉ ተንበርክኬ የሰው እግር መዳፌ ላይ አስቀምጬ የኖርኩ ሴትዮ፣ ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነገር መሆኑን ለዚህ ሰውዬ ምን ብዬ ላስረዳው? ትቼው ወጣሁ። ቤት ገብቼም ንዴቱ አልበርድ ሲለኝ ይሄን መጻፍ ጀመርኩ።

ሥራውን ያቆምኩት ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው። እስከዚያ ድረስ በአጅማን፣ በሻርጃና በዱባይ ኖሬያለሁ፤ ስሜ ወርቅነሽ ነው፣ ዓረቦቹ ግን "ወርዳ" ይሉኝ ነበር፣ እኔም ለምጄው አቤት እላለሁ። የምሸጠው ጫማ እግራቸው ለታመመ ሴቶች ነበር፤ ከሁሉም በላይ አጥንት ለወጣባቸው። ያለበት ሰው ያውቀዋል። ከእግር አውራ ጣት ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ አጥንቱ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ጣቱ ደግሞ ወደ ጎረቤቶቹ ይጋደማል። ሲቆይ ይቀላል፣ ይግላል፣ ጫማ ሲነካው ነፍስ ያስጨንቃል። ሐኪሞች የራሳቸው ስም አላቸው። እኛ "አጥንት ወጣባት" ነው የምንለው፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እላለሁ።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው የሄድኩት፣ እንደ ሁሉም ሰው ለቤት ሥራ። አጅማን፣ ባሕሩ አጠገብ ያለ ቤት ደረሰኝ። ሹግሉ ከባድ ነበር፣ ደመወዙም የታወቀ ነው፤ ስለሱ ሌሎች ብዙ ተናግረዋል። በዚያ ቤት የማዳም እናት ነበሩ፤ ሁላችንም ሐጃ እንላቸዋለን። ሐጃ የአገሩን ክፍት ጫማ ነበር የሚያደርጉት፣ አውራ ጣት ለብቻው የሚገባበት ቀለበት ያለውን። ቀለበቱ የሚያርፈው እዚያው የወጣው አጥንት ላይ ነው። ለሶላት በተነሡ ቁጥር እግራቸውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ገና ሲነካቸው "ያ ረብ!" ብለው እግራቸውን ይነጥቁኝ ነበር። በኋላ ግን ከተረከዛቸው ይዤ፣ እጄን በሞቀ ውሃ ነክሬ፣ ቀስ ብዬ ወደ ፊት መምጣት ለመድኩ። እሳቸውም ዝም ማለት ለመዱ።

ማዳም ቁጡ ብትሆንም ለእናቷ ሟች ነበረች። ሻርጃ፣ ሮላ አደባባይ ጀርባ፣ የታመመ እግር የሚያውቅ ጫማ ሰፊ አለ ሲሏት ሐጃንና እኔን መኪና ውስጥ ከትታ ወሰደችን። ሁሉም ሙዓለም፣ መምህር፣ የሚሏቸውን ጀሚልን ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ከሐለብ የመጡ ሶርያዊ ናቸው፤ ሽበታም፣ አጠር ያሉ፣ ሽርጣቸው ላይ ማስቲሽ የደረቀባቸው። ሱቃቸው ከመጥበቡ የተነሣ ለሦስታችን ወንበር ሲፈልጉ የራሳቸውን አስረከቡ።

ሰላምታ ሰጡን፣ ሐጃ እንደተቀመጡም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የተቆጡ መሰለኝ። ለካስ ሃይማኖታቸውን የሚጠብቁ ሰው ስለሆኑ የባዕድ ሴት እግር አይነኩም፣ አያዩምም፤ የአገሩ ሴቶችም ቢሆኑ ወንድ እንዲነካቸው አይፈልጉም። ታዲያ ጫማ ሰፊ እግር ሳይነካ እንዴት ይሠራል?

"አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ታጠቢ" አሉኝ ግድግዳውን እያዩ። ታጠብኩ። "አሁን እግራቸውን ያዢ። እኔ እጠይቃለሁ፣ አንቺ ትመልሻለሽ። የሚግለው የት ላይ ነው?"

"ከጎን ነው። ከላይ አይደለም።"

"ጣቱን ቀና ስታደርጊው ይመጣል ወይስ እምቢ ይላል?"

"እምቢ ይላል።"

"እንግዲያው አትታገዪው። እግር አይታዘዝም፤ የምናዘው ጫማውን ነው።"

እንዲህ እየጠየቁኝ፣ አንድም ጊዜ ዞር ሳይሉ፣ ለሐጃ ጫማ ሠሩላቸው። ሐጃ ያን ጫማ አድርገው በግቢው ሲዞሩ ማዳም በመስኮት እያየች አለቀሰች። አላህ ይማራቸውና ሐጃ ሲያርፉ፣ ሙዓለም ጀሚል ባለቤታቸውን ልከው ልጅቷን ለሱቅ ሥራ ስጡኝ አሉ። የወረቀቱ ነገር ረጅም ሙሽኪላ ነበር፤ አለቀ፣ ኸላስ፣ ሻርጃ ገባሁ።

ሰው ያደረገኝ ሻርጃ ነው። ሙዓለም ጀሚል ጠዋት የመጣችን ሴት አያስለኩም ነበር። "ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነይ" ብለው ይመልሷታል። የጠዋት እግር ውሸታም ነው፤ ያረፈ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል፣ ከሰዓት በኋላ ሲያብጥ ነው ልኩን የሚናገረው። ቁጭ ብላም አትለካም፤ ቆማ ነው፣ ክብደቷን እግሯ ላይ ጥላ። ሁለቱም እግር ይለካል፣ የሚወሰደውም የትልቁ ልክ ነው። ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቼ አቆማታለሁ፣ ዙሪያውን በእርሳስ እከተላለሁ፣ ቆርጬ ጫማው ውስጥ አስገባዋለሁ። የወረቀቱ ጠርዝ ከተጨማደደ ጫማው ጠቧል፤ ቁጥሩ ምንም ይበል ምን።

ብዙ ሴት አጥንቱ ሲያማት አንድ ቁጥር ትጨምራለች። ይሄን ስሕተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ጫማው ሲረዝም እግር ወደ ፊት ይንሸራተትና አጥንቱ ጠባቡ ቦታ ላይ ሄዶ ይወሸቃል። የሚያስፈልገው ስፋት ነው፤ ጫማው የሚታጠፍበትና እግሩ የሚታጠፍበት ቦታ መግጠም አለባቸው። አጥንቱ ላይ ስፌት ማለፍ የለበትም። ከላይ በማሰሪያ ያዝ ካላደረገው ዋጋ የለውም፤ ታኮው ዝቅ ይላል፣ ቆዳው በሁለት ጣት ቆንጠጥ ሲያደርጉት እሺ ማለት አለበት። እሺ ካላለ ደግሞ ሙዓለም ጀሚል እንደ ጉጠት ያለ ብረት ነበራቸው፣ በአንዱ አፉ ኳስ፣ በሌላው ቀለበት ያለው። ቆዳውን አርጥበው፣ አጥንቱ በሚያርፍበት ቦታ አስነክሰው ያሳድሩታል። በማግስቱ ለአጥንቱ ማረፊያ ቤት ተሠርቶለት ይገኛል። ይሁን እንጂ ጫማ አጥንት ይመልሳል ብለው አንድም ሴት አታለው አያውቁም። "ሕመሙን ያሳርፋል፣ ሌላው የሐኪም ነው" ይሏቸው ነበር።

አንድ ደንብ ነበራቸው። አዲስ ጫማ የገዛች ሴት ከሱቁ የምትወጣው አዲሱን ተጫምታ ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ የሚገባው አሮጌው ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ "እቤቷ ስትደርስ ሐሳቧን እንዳትለውጥ" አሉኝ ብቻ። እኔም ደንቡን እንደ ጸሎት ያዝኩት።

ከዚያ ዱባይ ሄድኩ። አል ሪጋ ላይ አንድ ትልቅ የጫማ ሱቅ ለሴቶች ክፍል ሴት ይፈልግ ነበርና ሙዓለም ጀሚል ራሳቸው "ሂጂ፣ እዚህ የምትማሪው አልቋል" ብለው መረቁኝ። ሙራቃባት ቤድ ስፔስ፣ የጋራ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ፣ ያዝኩ፤ በእግሬ እየተመላለስኩ እሠራለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሹል ጫማ እንዲወጣለት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ እግሯን ያየሁትን ሴት በሹል ጫማ አልሸኝም። "አንቺ ደንበኛ ልታባርሪብኝ ነው የመጣሽው?" ይለኛል። "ዋላሂ ተመልሰው ይመጣሉ" እለዋለሁ። አንዲት ሴት ለልጇ ሰርግ ጥልፍ ያለበት ሹል ጫማ ይዛ ስታለቅስብኝ፣ ያንኑ ጥልፍ የመሰለ ሰፊና ለስላሳ ነገር ከመጋዘን ቆፍሬ አወጣሁላት። በሳምንቱ እህቶቿን ሁሉ ይዛ መጣች። ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ወዲህ ማጉረምረሙን አልተወም፣ ግን መጋዘኑን እኔ እንዳዝዝበት ፈቀደ።

አርብ አርብ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። የራሳችን ስላልነበረን በተውሶ ቤት ነበር የምንጸልየው፤ ከአጅማንም ከሻርጃም ፈቃድ ያገኘች ሁሉ ትመጣለች። ጫማችንን ደጃፍ ላይ አውልቀን እንገባለን። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቄሱ ሲቀድሱ የኔ ዓይን ደጃፍ ላይ ነው፣ ጫማው ክምር ላይ። አብዛኛው የማዳም ውራጅ ነው፤ ማዳሟ የሰለቻትን ሠራተኛዋ ታደርገዋለች፣ ለራሷ የምታገኘውን አገር ቤት ትልካለች። የማን አጥንት የት እንደወጣ ከጫማው ላይ አነባለሁ።

የሺን ያወቅኳት በዚህ ነው። አንድ አርብ ክምሩ ውስጥ የክሬም ቀለም ያለው፣ ፊቱ ላይ ሪባን የታሰረ ሹል ጫማ አየሁ። በውስጥ ጎኑ፣ ሁለቱም እግር ላይ፣ በምላጭ ተቀዶ በጥቁር ጨርቅ ተጥፏል። ባለቤቷ እስክትወጣ ጠበቅኩ። ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ አንዲት ቀጭን ሴት ነጠላዋን እስከ መሬት ለቃ፣ እግሯን ሸፍና መጣች።

"አንቺ፣ ይሄን በምላጭ የቀደደው ማነው?" አልኳት።

"እኔ ነኝ። ምነው፣ ያንቺ ነው እንዴ?" አለችኝ ኮስተር ብላ።

ሳቄን ለቀቅኩት። እሷም ሳቀች። የአምባሰል ልጅ ናት፣ ሻርጃ አንድ ደረጃው የማያልቅ ቪላ ውስጥ የምትሠራ። አጥንቱ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ ሹሉ ጫማ ደግሞ አባሰው። "እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ" አልኳት፣ "አርብ ሥራ ላይ ስሆን ሱቅ ነይ፣ ከሰዓት በኋላ።" እምቢ አለች። ማዳም የሰጠችኝ ይበቃኛል አለች። ስታነክስ እያየሁ ተከተልኳት። ጥላ ሥር ስንቀመጥ ነው እውነቱን ያወጣችው።

ወንድሟ አሰፋ ግንባር ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ከመንደራቸው የሄዱት ሁሉ በየተራ ሲመጡ እሱ አልመጣም። ሞቷል ያላትም ነበረ። ለቅሶ ልንቀመጥ ነው ሲሉ የሺ ብቻዋን ሄዳ፣ "እመቤቴ ግሸን ማርያም፣ በሕይወት ይምጣልኝ እንጂ ከውጫሌ ጀምሬ በእግሬ ደጅሽ እመጣለሁ" ብላ ተሳለች። አሰፋ ከወራት በኋላ መጣ፣ ያንን ሁሉ በረሃ በእግሩ አቋርጦ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ። እሱን ማስታመም፣ ቤቱን ማብላት ሆነና ኤጀንሲው "ቪዛሽ መጥቷል፣ ያላ" ሲላት ስለቷን ሳትከፍል ወጣች።

"እሱ በእግሩ መጣልኝ" አለችኝ፣ "እኔ ደግሞ ደረጃ መውጣት እንኳ እያቃተኝ ነው። ሳልሄድ እግሬ ቢቀርስ? ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሱም አያውቅም። ስለት ሳይደርስ አይወራም።"

በሚቀጥለው አርብ አመሻሽ ላይ ሱቅ መጣች። ተንበርክኬ እግሯን መዳፌ ላይ አስቀመጥኩ። ብዙ እግር ነክቻለሁ፤ እንደዚያ የሚግል አጥንት ግን አላውቅም። ለካኋት፣ ወረቀቱን ቆረጥኩ፣ መጋዘኑን ገለባበጥኩት። ሰፊ፣ ባለ ማሰሪያ፣ ቆዳው እንደ ጨርቅ የሚለሰልስ፣ ሶሉ ወፍራምና ቀላል፣ የፋብሪካ ጫማ አገኘሁ። አጥንቱ የሚያርፍበትን ቦታ አሳድሬ አሰፋሁላት። በሳምንቱ አድርጋው ምንጣፉ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች።

"አይሰማኝም'ኮ!" አለች እጇን አፏ ላይ አድርጋ። "ወርቅዬ፣ እግር ያለኝም አይመስለኝ!"

አሮጌውን ካርቶን ውስጥ ልክተት ስል እጄን ያዘችኝ። "አይ አይ፣ አዲሱን ነው የምታስገቢው። ለእመቤቴ የገዛሁትን በሰው መታጠቢያ ቤት ልረግጥበት ነው እንዴ?" አለች። ደንቡን ነገርኳት፣ አልሰማችኝም። እኔም ያው የወሎ ልጅ ነኝ፤ የስለት ዕቃ እንደማይነካ አብሬ ነው ያደግኩት። ለጧፍ የተባለ ሰም ለሌላ አይውልም፣ ለታቦት የተባለ ጥላ ዝናብ አይመታውም። በካርቶኑ ሰጠኋት፤ ትክክል የሠራሁም መስሎኝ ነበር። ያን ምሽት የተቀደደውን ሹል ጫማ አድርጋ ወደ ሻርጃ ተመለሰች።

በመስከረም ልሂድ ስትል ማዳሟ ወለደች፣ ፈቃዱ ቀረ። በሌላው መስከረም ደግሞ ሌላ ምክንያት መጣ። አርብ አርብ ደጃፉ ላይ ያንኑ ሹል ጫማ አየዋለሁ።

"ጫማውስ?" እላታለሁ።

"አለ። ሰገነት ላይ ክፍሌ ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ። አንዳንዴ ከፍቼ አየዋለሁ።"

"ምኑን ታይዋለሽ?"

"አሸተዋለሁ" ትለኛለች፣ ትስቃለች። የሻርጃ ነሐሴ ሙቀትና እርጥበት ያ ሰገነት ላይ ምን እንደሚሠራ እሷም አላሰበችው፣ እኔም አላሰብኩት።

በመጨረሻ ሄደች። አጅማን ድረስ ዞሬ ከሰው ሁሉ ሰላምታ አሰባስቤ ሸኘኋት። ኅዳር ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቅ በር ላይ ቆማ አየኋት፤ ከስታለች፣ ፌስታል ይዛለች። "እንኳን ደህና መጣሽ፣ ደረስሽ?" ብዬ ላቅፋት ስል ፌስታሉን ሰጠችኝ። ከፈትኩት። ቆዳው አዲስ ነው፣ እንደሸጥኩት። ሶሉ ግን የለም። ከሥሩ እንደ ደረቀ ዳቦ የተፈረፈረ ነገር እጄ ላይ ፈሰሰ።

"የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበርኩ" አለች ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ። "በማግስቱ ከኋላዬ የምትሄድ ሴት፣ 'እህቴ፣ ጫማሽ እየተፈረፈረ ነው' አለችኝ። ዞሬ ሳይ መንገዱ ላይ ዘርቼዋለሁ። ነጠላዬን ቀድጄ አሰርኩበትና ሄድኩ። አጥንቱ ቆሰለ። ከአምባው ሥር ስንደርስ ግን ኸላስ፣ መርገጥ አቃተኝ። አሰፋ 'ልዘልሽ' አለኝ። አይሆንም አልኩት። ለምን ሲለኝ ምን ልበለው? በእግሬ ብዬ ነው የተሳልኩት። 'ምን ዓይነት ግትር ነሽ! ለዚህ ነው ከዓረብ አገር የመጣሽው?' ብሎ ተቆጥቶ ጥሎኝ ወጣ። እኔ ከሥር ቁጭ ብዬ እልልታውን ሰማሁ። ጸበል ይዞልኝ ወረደ፤ መጠጣት አቃተኝ።"

ይቅርታ ልላት ስል አስቆመችኝ።

"አንቺን ልከስ አይደለም የመጣሁት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አንቺ ጫማ ታውቂያለሽ። አዲስ ጫማ፣ ያልተረገጠ፣ ዝም ብሎ ይፈርሳል? ወይስ እመቤቴ አልቀበልሽም ብላኝ ነው?"

ልቤን የሰበረው ይሄ ነው። ሴትዮዋ እግሯ ቆስሎ፣ ወንድሟን አስቀይማ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ማርያም ፊቷን ያዞረችባት መስሏት አንድ ወር ሙሉ ተሸክማው ኖራለች። እኔ ደግሞ መልሱን አላውቅም ነበር። እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ፌስታሉን ይዤ ሻርጃ ሙዓለም ጀሚል ዘንድ ሄድኩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ቢሆንም ፍርፋሪውን በሁለት ጣታቸው አሽተው፣ አሽትተው፣ ወዲያው አወቁት። "ይሄ ጎማ አይደለም፣ አረፋ ነው። ፋብሪካው ውስጡ አየር ሞልቶ ያፈሰዋል። ሙቀትና እርጥበት ይበላዋል። በየቀኑ ቢረገጥ ዕድሜ ይኖረው ነበር፤ ተዘግቶበት ሲቀመጥ ነው የሚሞተው። ለምን በካርቶን ሰጠሻት?"

ስለቱን ነገርኳቸው። ፍርፋሪውን ወደ ፌስታሉ መለሱት። "የኔም እናት የተሳለችውን አትነካም ነበር" አሉ። "አምጫት። በፋብሪካ አይደለም፣ እንሰፋላታለን።"

ጊዜ ወሰደ። የሺ ፈቃድ ባገኘች ቁጥር አመጣታለሁ፤ ሙዓለም ጀሚል ወደ ግድግዳው ዞረው ይጠይቃሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ቆዳውን እሳቸው ቆረጡት። ወስፌው ከእጃቸው እየወደቀ ሲያስቸግራቸው፣ "ያዢ" ብለው ለኔ ሰጡኝ፤ ስፌቱን እያንዳንዱን እያዩ እኔ ሰፋሁት። ማስቲሽ ብቻ አላመኑም። ሶሉ ወፍራም ቆዳ ነው፣ ከሥሩ የመኪና ጎማ ቆርጠው በክር አስያዙት። የሺ ስታየው፣ "ይሄማ በረባሶ ነው! ለዚህ ነው ዓረብ አገር የመጣሁት?" አለች። አሳቀችን። ካደረገችው በኋላ ግን ሳቋ ቀረና ጎንበስ ብላ እግሯን አየች።

ግንቦት ነበር፣ ሙቀቱ ገና ሲጀምር። ጫማውን አውልቃ እየሰጠችኝ፣ "በይ አሁን በካርቶን አድርጊልኝ" አለችኝ።

"ካርቶን የለም።"

"በፌስታል።"

"የሺ፣ ፌስታልም የለም። ተጫምተሽው ትሄጃለሽ። ደረጃውን ትወጪበታለሽ፣ መታጠቢያ ቤቱን ታጥቢበታለሽ፣ መስከረም እስኪጠባ ከእግርሽ አይወልቅም።"

"ለእመቤቴ ነው አልኩሽ'ኮ! የሰው ቆሻሻ ልረግጥበት?"

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ያንን ሹል፣ የተቀደደ፣ ሪባኑ የተንጠለጠለ ጫማ ከመሬት አነሣሁ፣ ወደ ውጭ ወጣሁ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ወረወርኩት። ስመለስ የሺ በሩ ላይ ቆማለች። በባዶ እግሯ ልትወርድ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳረፈችና መለሰችው።

"ምን አደረግሽ ወርቅነሽ? በምን ልሄድ ነው?"

"እመቤታችን ወደ ግብጽ ስትሰደድ በምን ሄደች?" አልኳት። ጮኼ ነበር፣ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። "ጫማዋን ለአገሬ ብላ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣ ነው? እሷም'ኮ የሰው አገር ረግጣለች። እሷ ያንን መንገድ ታውቀዋለች፤ ያንቺን ደረጃ ትጸየፋለች ብለሽ ነው? የፈረሰው አረፋ ነው የሺዬ። ሙቀት የበላው አረፋ ነው። አንቺን ማንም አልመለሰሽም።"

አለቀሰች። ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፣ እኔም ተንበርክኬ ማሰሪያውን አሰርኩላት። ሙዓለም ጀሚል አማርኛ አይሰሙም፤ ጩኸቱንም ለቅሶውንም ሰምተው፣ አሁንም ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ፣ "ተስማማት?" ብለው ጠየቁኝ። "ተስማማት" አልኳቸው። ተነሥታ ወጣች፤ ታክሲ እስኪመጣ መንገዱ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል በመስኮት አየኋት።

አርብ አርብ ደጃፉ ላይ ያ ጫማ ከሌሎቹ መሃል ይታየኝ ጀመር። ሰኔ ላይ በመጥረጊያ ውሃ ተበላሽቶ፣ ነሐሴ ላይ ቆዳው ተጨማዶ የእግሯን ቅርጽ ይዞ ነበር። መስከረም ሲጠባ ሄደች። ሙዓለም ጀሚል በዚያው ሰሞን ሱቁን ለሰው አስረክበው ወደ ሐለብ ተመለሱ፤ ወሬውን ሳይሰሙ መሄዳቸው እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ኅዳር ሳይገባ ሱቅ መጣች። ደንበኛ እየለካሁ ነበርና ጠብቂኝ አልኳት። አልጠበቀችም፤ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጆሮዬ ሥር ትነግረኝ ጀመር።

"ወጣሁት ወርቅዬ። ከውጫሌ ጀምሬ፣ በእግሬ፣ እስከ ላይ። አሰፋ አብሮኝ ነበር፣ አምና ያናደድኩትን እያነሣ ሲያሾፍብኝ ነው የከረመው። ጫፍ ላይ ስንደርስ ነገርኩት። 'የማን ስለት መሰለህ? ያንተ ነው፤ ሞቷል ሲሉኝ የተሳልኩት' አልኩት። 'አምና ጥዬሽ የወጣሁት...' ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው። መሬት ላይ ተንበረከከ። ጫማዬን ፈታ፣ አወለቀው፣ እግሬን በሁለት እጁ ይዞ ሳመው፤ እዚያው፣ አጥንቱ ላይ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያለፈ ነው። 'ኧረ ተነሣ፣ ሰው ያይሃል' ብለው፣ 'ይየኝ!' አለኝ።"